እኔን ቴአትር ያስለቅሰኛል ብሎ ማን ገመተ?

ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ ክሩን፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሑድ ጠዋት፣ ፊቴን ሳልታጠብ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ትንሽዬ ቴአትር አይታችሁ፣ ሳታስቡት፣ ሰው ፊት ዕንባ ያመለጣችሁ አላችሁ ወይ? ወይስ እኔ ነኝ ያረጀሁት?

ከጥያቄው ሥር ታሪኩን ጻፍኩ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ቴአትር የሚባል ነገር ከዚህ በፊት ሁለቴ አይቻለሁ፤ ሁለቱንም አዲስ አበባ፤ ሁለቱም ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሱቅ ድረስ መጥታ የ50 ብር ቲኬት ሸጠችልኝ። ሸጠችልኝ ስል በግድ ነው። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ኳሱ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ፊቴን አሳይቼ ልወጣ ነበር ሐሳቤ።

አዳራሽ አይባልም። ስብሰባ የሚደረግበት ክፍል ነው። አርባ የሚሆን የፕላስቲክ ወንበር፣ የተላጠ ግድግዳ፣ መሐል ላይ አንድ አምፖል። መድረክ የለም፣ መጋረጃ የለም። ወለሉ ላይ አጎዛ ተነጥፏል፣ አንድ በርጩማ አለ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር በርኖስ ተሰቅሏል። የደረሰኝ የፊት ረድፍ ነው። እግሬን ብዘረጋ አጎዛውን እረግጣለሁ። አምፖሉ ስላልጠፋ ሁላችንም እንተያያለን።

ተዋንያኑ ሁለት ናቸው፣ እናትና ልጅ። እናትየው መጀመሪያ ላይ የበግ ፀጉር ስትዳምጥ ነበር፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ትፈትላለች። የምር ነው የምትፈትለው። እንዝርቱ ይሾራል፣ ክሩ ይረዝማል። ልጁ ከአዲስ አበባ የመጣው ቤቱን ሽጦ እሷን ሊወስዳት ነው። ያስረዳታል፤ ስለ ገዢው፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ኮንዶሚኒየሙ። እሷ በላህ ወይ ትለዋለች። እንደገና ያስረዳታል። እንደገና በላህ ወይ። ስለሞተው አባት አንድ ቃል አይነገርም። በርኖሱ ብቻ ተሰቅሏል። የምትፈትለው የበርኖሱን ቅዳጅ ልትጥፍበት መሆኑ ቀስ እያለ ነው የሚገባችሁ።

ወደ መጨረሻው እንዝርቱ ከእጇ አመለጠ። ተንከባሎ መጥቶ ጫማዬ ሥር ቆመ። ክሩ ከእሷ ጣት እስከ እኔ እግር ተዘርግቷል። ዝም አለች። ልጁም ዝም አለ። አርባ ሰው እኔን ያየኛል። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው የበግ ፀጉሩ ጠረን መጣብኝ፤ ያ ቅባት ቅባት፣ ጭስ ጭስ የሚለው። ሰጠኋት። እጇ ውርጭ ነው። ቀና ብላ ሳታየኝ ተባረክ አለችኝና ወደ ልጁ ዞራ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችው። በልቻለሁ አለ። አልበላም። አለመብላቱን ክፍሉ ውስጥ ያለነው በሙሉ አውቀናል። እኔ እዚያ ጋ አለቀልኝ። ኳሱንም ሳላየው ቀረሁ።

ይህን ለጥፌ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስመለስ መልሱ ተንጋግቷል።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ናቸው። በአክብሮት ሰላምታ ጀምረው፣ ዕንባ የእርጅና ምልክት እንዳልሆነ፣ እሳቸው በወጣትነታቸውም ያለቅሱ እንደነበር ጽፈው፣ ጤና ተመኝተውልኝ ጨረሱ። ምን እንዳስለቀሳቸው ግን አልነገሩንም።

ቁጥር 2 የደብረ ሲና ሴት ናት። የባሏን ጉድ አወራች። ሰውየው ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ጣርማ በርን በጉም ሲወጣና ሲወርድ ዕድሜውን የጨረሰ፣ አባቱ ሲቀበሩ እንኳን ዓይኑ ያልረጠበ። የልጃቸው ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ ተማሪዎቹ አጭር ድራማ ሠሩ። የእሷ ልጅ አሮጊት ሆና የአያቷን ነጠላ ደርባ ወጣች። ምንም አላለችም፣ ሳለች ብቻ። አያቷ የሚስሉትን ሳል፣ ቁጭ። ሰውየው ተነስቶ ውጪ ወጣ። መኪናው ጎማ አጠገብ ቆሞ ሲያለቅስ አገኘችው። እስከ ዛሬ ድረስ ብርድ ነው እያለ ይክዳል።

ቁጥር 3 ለማረም ነው የመጣው። የመንዝ ልጅ ነኝ ይላል። ስለ ዕንባው ግድ የለውም። የበግ ፀጉር አይዳመጥም ነው ነገሩ። የሚዳመጠው ጥጥ ነው፣ ፍሬ ስላለው። ፀጉር ፍሬ የለው፤ በደጋን ይነደፋል፣ ከዚያ ይፈተላል። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ በርኖስ ባይጽፍ ይሻላል አለ። ቀጠለና የተፈተለው ፀጉር ነጭ ነው ጥቁር ብሎ ጠየቀኝ። ነጭ ነው ብዬ መለስኩ። ጥቁር በርኖስ በነጭ ክር ይጣፋል እንዴ ብሎ የሳቀው ሳቅ ግማሽ ገጽ ፈጀ። ስለ መዳመጡ እርማቱን ተቀብያለሁ። እናቴ ብትሰማኝ ታፍርብኝ ነበር።

ከ4 እስከ 6 ያለው ስለ ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ወር፣ በዚያ ሰዓት፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዱ የተዋናይቷ እጅ የቀዘቀዘው በትወና ብቃት ሳይሆን በአየሩ ነው አለ። አንዱ ለአገር የሚተርፍ ብርድ ልብስ የሚመረትባት ከተማ ለተመልካች አንድ ብርድ ልብስ ብታጣ ምን ይባላል ብሎ ቀለደ። የሸዋ ሮቢቱ ሰውዬ በካናቴራ ሆኖ እያነበበን እንደሆነ አሳወቀን። እንኳን ደስ ያለው።

ከዚያ ቁጥር 7 መጣና ነገሩ ከፍ አለ። ቴአትር የተማረ ሰው ነው፤ ያስታውቃል። አዲስ አበባ እንቅልፍ የወሰደኝ በእኔ ስንፍና እንዳልሆነ አስረዳኝ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን ብሔራዊ ቴአትርን የመሰለ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ተዋናይ የኋላውን ረድፍ ማሰብ አለበት። ድምፁን ያጎላል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ ሐዘኑንም ያገዝፈዋል። የእኛ ተውኔት ደግሞ ብዙ ዘመን በግጥም የተጻፈ ነው፤ ግጥም በራሱ ድምፅ አንሳ አንሳ ይላል። አርባ ሰው ባለበት ክፍል ግን ተዋናይ ምራቁን ሲውጥ እንኳን ይታያል፤ መዋሸት አይችልም። ስዊድናዊው ጸሐፌ ተውኔት ስትሪንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1907 ስቶክሆልም ውስጥ 161 ወንበር ብቻ ያለው ቴአትር ቤት የከፈተው ለዚሁ ነው አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ብሎም ጥቂት ሰው የሚጫወታቸው አጫጭር ተውኔቶች ጽፏል።

እኔ ወድጄው ነበር። ቁጥር 8 አልወደደውም። ስቶክሆልምን ተዉልን ብሎ ተነሳ። አያቶቻችን ምድጃ ዙሪያ ተረት ሲነግሩ፣ ጅቡን በድምፅ፣ ጦጣን በትከሻ ሲያመጧት የነበሩት ስዊድን ሄደው ተምረው ነው ወይ? ለዚያውም በአማርኛ የመጀመሪያው ተውኔት ደራሲ የእኛው የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው። የሰያ ደብሩ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በ1910ዎቹ ፋቡላ የተባለውን የአውሬዎች ተውኔት የጻፉት፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። እኛ ከማንም አንማርም ብሎ ዘጋው።

ቁጥር 9 ጠብቆት ኖሯል። ተክለ ሐዋርያት ቴአትር ምን እንደሆነ ያወቁት በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው አይደለም ወይ? ተመልሰው ሲያዩ እዚህ ቴአትር የሚባለው ዘፈንና ጨዋታ ሆኖባቸው አይደለም ወይ የጻፉት? የአውሬዎቹን ተረትም ከውጭ አምጥተው ቢሮክራሲውን ቢነኩበት መንግሥት አገደው። ስለዚህ 8 ያመጣው ምስክር በራሱ ላይ መሰከረ። ማንበብ ከመጻፍ ይቅደም የሚል ምክርም ጨመረበት። ትንሽ መረር ብሏል። እውነቱ ግን እውነት ነው። የምድጃው ነገርም ደግሞ እውነት ነው። እኔ ሁለቱንም ይዤ ቁጭ አልኩ።

እዚህ ጋ ክሩ መንገድ ሳተ። ቁጥር 10 ከበደ ሚካኤልም የመንዝ ሰው መሆናቸው ለምን ተረሳ ብሎ ተቆጣ። ሌላው የቡልጋን ሰዎች መዘርዘር ጀመረ። ሌላው ደግሞ ቴአትር ነው፣ ትያትር ነው፣ ቲያትር ነው የሚል ጠብ ጫረና ሦስቱም ወገን ደጋፊ አገኘ። እኔ ቴአትር የምለው የእህቴ ልጅ ቲኬት ላይ እንዲያ ስለተጻፈ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። እነዚያን መልሶች ቁጥር አልሰጣቸውም፤ ብዙ ናቸው፣ ፍሬ የላቸውም፤ እንደ በግ ፀጉር።

ቁጥር 12 አጭር ነበር። ልቤን ግን እሱ ነው የመታኝ። ያንኑ ቴአትር በፊተኛው ቅዳሜ አይቻለሁ አለ። ያን ቀንም እንዝርቱ ወደቀ። ያን ቀንም ተንከባሎ አንድ ሰውዬ እግር ሥር ቆመ። ሰውዬው አንስቶ ሰጣት።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እኔ ለካ የአጋጣሚ መስሎኝ ነው። ለእኔ ብቻ የደረሰ መስሎኝ ነው። ደንበኛ የፍሬን ሸራ ሊገዛ መጥቶ የክላች አወጣሁለት።

ቁጥር 13 ደግሞ ያንኑ ጠብቆ ሁለት በትር አሳረፈ። አንደኛው፣ ለእንዝርት የሚያለቅስ ወንድ የለም፤ ይህ ሰውዬ የደበቀን ነገር አለ። ሁለተኛው የባሰ ነበር። እዚሁ ከተማ ዳር ከቀያቸው ተፈናቅለው በመጠለያ የሚያድሩ ሰዎች እያሉ፣ የ50 ብር ቲኬት ቆርጦ ለውሸት ታሪክ ማልቀስ ጥጋብ ነው አለ። ያን ዕንባ ለነሱ ባደርገው ኖሮ ዋጋ ነበረው። ብዙ ሰው አውራ ጣት ሰጠው። እኔም መልስ አጣሁ፤ ምክንያቱም ትክክል መሰለኝ።

መልሱን የሰጠው ቁጥር 14 ነው። እኔ መጠለያው ውስጥ ነኝ ብሎ ጀመረ። ቀን የተገኘውን ይሠራል። የዚያን ቀን ወንበሮቹን ተሸክሞ ያስገባው እሱ ነው፤ መልሶ የሚያወጣውም እሱ ስለሆነ በሩ ላይ ቆሞ አየው። አላለቀሰም። እንዲያውም ስቋል። ልጁ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ መፍተያ ቦታ የለም ሲላት፣ እናትየው ታዲያ በረንዳው ለምንድን ነው ያለችው ላይ። የእሱም እናት በአንድ ክፍል ድንኳን ውስጥ የት እንፍተል እያለች ነው የምትጨቀጭቀው። ማታ ሲገባ እሷም በላህ ወይ ትለዋለች፤ እንደሌለ እያወቀች። እሱም በልቻለሁ ይላታል። ከዚያ ለ13 አንድ ነገር ነገረው። በእኛ ስም ሰው አትስደብ፤ ያን ቀን የሄደው ሰውዬ ሁሉ ወንበሩን ራሱ ቢያነሳልን ይበቃናል።

13 አልተመለሰም። እኔ ወንበሬን እንዳላነሳሁ ግን አስታወስኩ።

ቁጥር 15 እኔው ነኝ። የተደበቀ ነገር አለ ያለው ሰው ስላልተሳሳተ ተናገርኩ። እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። የበኩር ልጅ ነኝ። ድንኳን ማስተከል፣ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ዘመድ መቀበል፣ ማስተኛት፣ ሁሉም በእኔ ነበር። ጎበዝ አሉኝ። ልጅ ወልዳለች አሉ። በሰልስቱ ሰው ሲያለቅስ እኔ የእድሩን ዕቃ እቆጥር ነበር። ሁለት ብርጭቆ ጎደለ፤ ሁለት ብርጭቆ ፍለጋ ግቢውን ስዞር ዋልኩ። ከዚያ ሱቅ ተከፈተ፣ ኑሮ ቀጠለ። እሷ በሕይወቷ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ትደውልልኝ ነበር፤ በላህ ወይ ለማለት። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ በልቻለሁ እላለሁ። ክር ትፈትል ነበር። ጠረኑ የእሷ ነው። ይኸው ነው የደበቅኩት።

16፣ 17ና 18 ነፍስ ይማር ናቸው። ከበርኖሱ ጀምሮ ሲያርመኝ የዋለው ቁጥር 3ም ከነሱ ውስጥ አለበት። ነፍስ ይማር ብሎ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ለመሆኑ እሷ የምትፈትለው ጥቁር ነበር ነጭ አለኝ። ሰው አይለወጥም። ጥቁር ነበር አልኩት።

ቁጥር 19 ከቡድኑ ነኝ ያለች ልጅ ናት። የትኛዋ እንደሆነች አልተናገረችም፣ እኛም አልጠየቅናትም። የእንዝርቱን ነገር ግልጽ አደረገች። መጀመሪያ ልምምድ ላይ የምር ነው ያመለጠው። ብርድ ነበረ፣ ጣት ደነዘዘ፣ ወደቀ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያይ የነበረው ጥበቃ አንስቶ ሲሰጣት ክፍሉ ጸጥ አለ። አዘጋጁ ይህ ይግባ አለ፣ ገባ። አሁን ወደ ማን እንደሚንከባለል እሷ ናት የምትመርጠው፤ ስልኩን አብዝቶ ወደሚያየው ሰው ነው የምትለቀው። የዚያን ቅዳሜ አንድ የፊት ረድፍ ሰውዬ አራት ጊዜ ስልኩን አይቷል።

ሳቁ ማባሪያ አልነበረውም። ጎሉ ስንት ሆነ እያሉ የጠየቁኝ አሉ።

አንድ ነገር ግን ጨመረች። ተባረክ የሚለው ቃል ድርሰቱ ውስጥ የለም። ዝም ብላ መቀበል ነበረባት። የሰውዬው እጅ ሲንቀጠቀጥ አየችና ከአፏ ወጣ። አዘጋጁ ኋላ ተቆጥቷታል።

ነጩ ፀጉርም ተገለጠ። ትርጉም የለውም። ገበያ ወጥተው ጥቁር አጥተው ነው። በየጊዜው የምር ስለሚፈተል ደግሞ እያለቀ ነው፤ የሚቀጥለው ትርኢት ደብረ ሲና ነው፣ ለእሱ የሚበቃ የላቸውም። ቁጥር 3 ድል አደረገ። ነጩ የሐዘን ተስፋ ነው ምናምን ብሎ ሲፈላሰፍ የነበረ አንድ ሰው (አልፌው ነበር፣ ቁጥር 11) መልሱን አጠፋ።

ቁጥር 20 ተናደደ። እንግዲያው ማታለል ነው፣ ሰውን መርጦ ማስለቀስ ነው፣ 50 ብሬን መልሱልኝ አለ። ቴአትሩን አላየውም፣ ብሩንም አልከፈለም።

የደብረ ሲናዋ ሴት ተመልሳ መጣች፣ ቁጥር 21 ሆና። ሙሾ አውራጇስ አለችው። ለቅሶ ቤት ስትገባ ማን ለማን ምን እንደሆነ አስቀድማ ትጠይቃለች፤ ከዚያ ስም እየጠራች፣ የሟቹን ሙያ እያነሳች፣ ያላለቀሰውን ትፈልገዋለች። ዓይኗ እሱ ላይ ነው። እያወቀች ነው የምታደርገው፤ ሰውም እያወቀ ነው የሚያለቅሰው። እስካሁን ዕንባዬን መልሱልኝ ያለ ሰው አላየሁም ብላ ጨረሰች። ባሏን ይዛ ደብረ ሲና ላይ እንደምትሄድም ተናገረች። ስልክ እንዲይዝ እንደምትመክረውም።

ቁጥር 22 ያው የመንዙ ልጅ ነው። ጥቁር የበግ ፀጉር ከመሐል ሜዳ በአውቶቡስ መላክ እንደሚችል፣ ግን የሚቀጥለው ገበያ ሳይደርስ እንደማይሆን ጻፈ። ደብረ ሲና ከዚያ በፊት ነው።

ቁጥር 23 የእኔ ነው፣ ሌሊት የጻፍኩት። ክሩ ከዚያ ወዲህ አልተነካም።

የእናቴ ጓዳ ስድስት ዓመት ሙሉ ዕቃ መወርወሪያ ሆኖ ነበር የቆየው። ባትሪ አብርቼ ገባሁ። አሮጌ ጎማዎቼን ዘወር አደረግኩ። ከረጢቱ ከሌማቱ ጀርባ ነበር፤ አፉ በራሷ ክር ታስሯል፣ ቋጠሮው የእሷ ነው። ለመፍታት ጊዜ ፈጀብኝ፣ መቁረጥ አልፈለግኩም። ላዩን ብል በልቶታል፤ ሲነካ እንደ አመድ ይረግፋል። ከሥሩ ያለው ግን ደህና ነው። ተነድፏል፣ አልተፈተለም። ለሁለት ትርኢት የሚበቃ ይመስለኛል። ጥቁር ነው። ሰኞ የእህቴ ልጅ ሱቅ መጥታ ትወስደዋለች።